አስቸኳይ፦ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲሰራ የሰነድ ሲስተሙ ይበላሻል

ቡኖ_ጅማ፦ ሰላም ወገን፣ ድረሱልኝ። እዚህ ጅማ ለአንድ ቡና አቅራቢ በጃክራቢት (የጃቫ ሰነድ ማከማቻ ሶፍትዌር) የሰራሁት የሰነድ ማስቀመጫ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሏል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሰራ ሰላም ነው። ሁለተኛው ሲገባ ሴቭ ላይ «ኢንቫሊድ አይተም ስቴት ኤክሴፕሽን» ይላል። ጭራሽ አንዷ ሠራተኛ ጀምራ የተወችው የርክክብ ቅጽ ተመዝግቦ ተገኘ። እሷ ሴቭ አላለችም! ከሰዓት የሚጫን ቡና አለ።

ሰርቨር_ጠባቂ፦ ሪስታርት አድርገው።

የድሮ_ጃቫ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ጃክራቢት የሚከተለው የጃቫ ኮንቴንት ሪፖዚተሪ (ጄሲአር፣ የሰነድ ማከማቻ) ስታንዳርድ በ2005 እ.ኤ.አ. ጄኤስአር 170 ተብሎ ወጣ፤ በ2009 ጄኤስአር 283 ተከተለ። ሪፖዚተሪው አንድ ሆኖ ሁሉንም ያገለግላል። ሴሽን (ሎግኢን ሲደረግ ከሪፖዚተሪው ጋር የሚከፈተው ግንኙነት) ግን እንደዚያ አይደለም። ሰነዱን ሳያነቡ ኮድ መጻፍ ለምዶብናል።

ቡኖ_ጅማ፦ ጋሼ፣ አነባለሁ። አሁን ግን መኪናው ቆሞ እየጠበቀ ነው።

መንጢና_ኮደር፦ ለቅጽ ጃክራቢት ምን ያደርጋል? ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ይበቃል፣ ቀይረው።

ቡኖ_ጅማ፦ ስካን የተደረጉ ሰነዶች ከነቨርዥናቸው እሱ ላይ ናቸው። ዛሬ የሚቀየር አይደለም።

ሄርማታ፦ ሎግኢን የት ነው የምታደርገው?

ቡኖ_ጅማ፦ ሰርቨሩ ሲነሳ አንዴ፣ በአድሚን። ያ አንድ ሴሽን ስታቲክ ላይ ነው ያለው፣ ሁሉም በእሱ ይሰራል።

ሄርማታ፦ ችግሩ እሱ ነው። የጄሲአር ሴሽን ስሬድ ሴፍ አይደለም፤ ማለትም ብዙ ሥራ በአንዴ እንዲጋራው አልተሰራም። ያልተመዘገበ ለውጥ ሁሉ እዚያው ሴሽን ውስጥ ይጠራቀማል። አንዱ ሴቭ ሲል የሌላውንም ያላለቀ ሥራ አብሮ ይጽፈዋል። የልጅቷ ቅጽ በዚህ ነው የገባው። ደግሞ ፈቃድ የሚታየው በሴሽኑ ባለቤት ስም ስለሆነ አሁን ሁሉም ሰው አድሚን ነው! ሪፖዚተሪውን አንድ አድርገህ ያዝ። ሴሽን ግን በየሪኩዌስቱ፣ በተጠቃሚው ስም ክፈት። ሎግአውቱን ፋይናሊ ውስጥ አስገባው፣ ኤረር ቢመጣም እንዲዘጋ።

ሰርቨር_ጠባቂ፦ ሪስታርት አደረግከው?

አቦል፦ ጅማ ተቀምጦ አቦል ሳይጠጡ ኮድ መጻፍ ነውር ነው 😂 ለማንኛውም ኖድ (ሪፖዚተሪው ውስጥ ያለ አንድ መዝገብ) ኤችቲቲፒ ሴሽን ውስጥ (ዌብ ሰርቨሩ ለየተጠቃሚው የሚይዘው ማስታወሻ፣ ከጄሲአሩ ሴሽን ሌላ ነው) እንዳታስቀምጥ። የተገኘበት የጄሲአር ሴሽን ሲዘጋ ኖዱም አይሰራም። ፓዙን (አድራሻውን) ብቻ ያዝና እንደገና ፈልገው።

ቡኖ_ጅማ፦ ሴሽን መክፈትና መዝጋቱን በፊልተር (በየሪኩዌስቱ የሚሮጥ ኮድ) አደረግኩት፣ ኤረሩ ጠፋ። ተባረኩ! ግን ቅጽ ስንቆልፍ ሎኩ ወዲያው ይፈታል። ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?

ሄርማታ፦ ሎክ ስትል ሴሽን ስኮፕድ የሚለውን ትሩ ሰጥተኸዋል። ሴሽኑ ሲዘጋ ሎኩም አብሮ ይሄዳል። ፎልስ አድርገው። ቶክኑን (የሎኩን መለያ) ኤችቲቲፒ ሴሽን ውስጥ ያዝና በሚቀጥለው ሪኩዌስት በአድ ሎክ ቶክን መልሰህ ስጠው። ሰው ሳይፈታ ወጥቶ ከሄደ ግን ቅጹ እንደተቆለፈ ይቀራል። ስለዚህ ታይምአውትም (ሎኩ በራሱ የሚፈታበት ጊዜ) ስጠው።

መንጢና_ኮደር፦ ፖስትግሬስ ቢሆን ይሄ ሁሉ ባልመጣ።