ቦዬ አጠገብ ካርታ አለን፣ ውሃውም አለ። ሕጉ ምን ይላል?

የቦሳው ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ከከተማው ወደ ቦዬ ረግረግ በሚወርደው በኩል አባቴ የሠሩት ቤት አለን። ካርታ አለው፣ ግብሩ በየዓመቱ ይከፈላል፣ የጨረቃ ቤት አይደለም። ልጅ ሆነን ክረምት ክረምት ውሃው ከጓሯችን በታች ያለው ጨፌ ላይ ተኝቶ ይከርምና በጥቅምት ይሸሻል፤ እኛም ከብት እናሰማራበት ነበር። አሁን ጨፌው ላይ ቤት ተሠራ። ጎረቤቶች ግቢያቸውን በገረጋንቲ ሞልተው ከፍ አደረጉት፣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ የኛ ሳሎን ገባ። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ። እናቴ የጤፍ ማዳበሪያውን አልጋ ላይ ስትጭን አደረች።

ታላቅ ወንድሜ አሁን አፍርሶ ጂ ፕላስ ዋን ሊሠራ ነው። የሚመለከተው ክፍል ሄዶ ሲጠይቅ "ፕላኑ መኖሪያ ይላል፣ ችግር የለውም" አሉት። ጎርፉስ ሲላቸው "እሱ የኛ ሥራ አይደለም"። የአየር ንብረቱ እንዲህ እየተለወጠ የፕላን ሕጉ ይሄን ነገር አይቆጥርም ወይ? ነገ ደግሞ "አረንጓዴ ቦታ ነው፣ ተነሱ" ቢሉን ካሳ አለን?

ቴዎዶላይት፦
ፕላን ላይ ስለምሠራ ልሞክር። ሁላችንም ማስተር ፕላን የምንለው በሕጉ መዋቅራዊ ፕላን ይባላል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ዕድሜውን 10 ዓመት አድርጎታል። ማኅበረሰቡንና አካባቢን መጠበቅ ከአዋጁ መርሆዎች አንዱ ነው፣ የአካባቢ ጉዳይም ፕላኑ ሊይዛቸው ከሚገቡ ነገሮች ውስጥ አለ። ስለዚህ ሕጉ ባዶ ነው አይባልም። ግን "አካባቢን ጠብቅ" ማለት ሌላ፣ "ውሃው እስከዚህ ሊደርስ ይችላል፣ ከዚህ መስመር በታች ቤት አይሠራም" ማለት ሌላ።

እኛ የወንዝ ዳር መስመር ስናሰምር የምናየው ያለፈውን ዝናብ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ ሲለቀው ደግሞ ባንዴ ነው የሚለቀው። ጅማ ድሮም በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚዘንብባት ከተማ ናት፣ አሁን ደግሞ አፈር የነበረው ሁሉ ቆርቆሮና አስፋልት ሆነና የአዌቱ ወንዝ ያንን ሁሉ መሃል ከተማ ላይ ተቀብሎ ወደ እናንተ ይዞት ይወርዳል። እኔ ብጠየቅ አዋጁ ላይ የምጨምረው፣ የጎርፍ ካርታ የሌለው ፕላን አይጽደቅ፣ ካርታው ደግሞ ለመታደስ 10 ዓመት አይጠብቅ የሚል ነው። ሆላንዶች በፈረንጆቹ 1995 ወንዞቻቸው ሞልተው ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ከቤቱ ካስወጡ በኋላ፣ የወንዝ ዳር ግድቡን ከፍ ከፍ ማድረግ ብቻ አይበቃም ብለው አንዳንድ ቦታ ላይ ወደ ኋላ አሸሹትና ለወንዙ ቦታ ለቀቁለት። የተነሳ ገበሬ አለ፣ ግን ተከፍሎት ነው።

የአዌቱ ዳር፦
ኧረ ባካችሁ ሁሉንም በአየር ንብረት አታሳቡ። ጨፌውን የደፈነው እኛው ነን። ግማሹ ላይ ባህር ዛፍ ተከልን፣ ግማሹን ለጡብ ቆፈርነው፣ የቀረውን ሸነሸንነው። ቦዬ እኮ ጉማሬ የሚታይበት ቦታ ነው! ጉማሬ ሰፈር ቤት ሠርቶ ውሃ መጣብኝ ማለት ትንሽ ይከብዳል (አባትህን አይደለም ወንድሜ፣ ይቅርታ)። የሚገርመኝ ደግሞ የክልላችንን ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት ስሙ ራሱ ጨፌ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ ሕግ የሚያወጣው እንዲህ ያለ ለምለም መስክ ላይ ስለነበር። መስኩን ሸጠን ስሙን አስቀረን።

ቴዎዶላይት፦
አልተጣላንም። ጨፌው ስፖንጅ ነበር፤ ስፖንጁን ጥለን ዝናቡ ሲብስ ነው ነገሩ የተደራረበው። ደለሉም እዚህ አይቀርም፣ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ነው የሚወርደው።

ጥቁር ካባ፦
ስለ ካሳው እኔ ልመልስ። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ካስነሳችሁ፣ ካርታ ስላላችሁ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 እና በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለቤቱ ካሳ አለ፣ ምትክ ቦታም አለ። የመሬቱ ዋጋ አይታሰብም፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው።

ልብ በሉ ግን፣ ይሄ ሁሉ የሚሠራው መንግሥት ሲያስነሳችሁ ነው። ውሃው ካስነሳችሁ ብርድ ልብስና ዱቄት ነው የሚመጣላችሁ። ድሬዳዋ በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ፤ ያኔ ካርታ ያለውን ከሌለው አልለየም። ስለዚህ አንተ የፈራኸው አረንጓዴ ቀለም ፕላኑ ላይ ከመጣ ይሻላችኋል እላለሁ፣ የሚያስፈራው ፕላኑ "መኖሪያ" እያለ ውሃው የቀደመ እንደሆነ ነው። የሕጉ ቀዳዳ እዚህ ጋ ነው። ሕጋዊ ባለይዞታ ራሱ ሄዶ "ቦታዬ ውሃ ገብ ሆኗል፣ ካርታዬን ውሰዱና ምትክ ስጡኝ" የሚልበት በር መኖር አለበት። መንግሥትም ቢሆን ነገ ለፎቅ ካሳ ከሚከፍል ዛሬ ለጭቃ ቤቱ ቢከፍል ይረክስለታል።

የቦሳው ልጅ፦
ለወንድሜ አነበብኩለት። "ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ፎቁ ላይ እንኖራለን" አለኝ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትወጣም።

ቴዎዶላይት፦
ፎቁ ይቆይ በለው። ማመልከቻ አስገቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ፤ "ችግር የለውም" ያለ ሰው በጽሑፍ ሲባል ብዙ ጊዜ ቃሉን ይለውጣል። ጎረቤቶችም አብረው ይፈርሙ፣ የሞሉትም ጭምር፣ ነገ እነሱም ጋ ይገባል። ፕላኑ ሲከለስ ሕዝብ ለውይይት ይጠራል፣ ብዙ ጊዜ አዳራሹ ባዶ ነው፣ እዛ ተገኙ። ግድግዳው ላይ የውሃው ምልክት ካለ ፎቶ አንሱት፣ ከመንገዱ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደሚልም ለኩ። ከዝናብ መረጃው ይልቅ እሱ ነው የሚያስደነግጣቸው።

የቦሳው ልጅ፦
እናቴ ለመስቀል ግድግዳውን ቀብታዋለች። የጓዳው በር መቃን ላይ ግን አለ። ማታ ሜትር ይዤ እለካዋለሁ።