የድሮ ኦሲሎስኮፕ ማዞሪያ ሠርቶ የሚያውቅ አለ?

ሰላም ወገኖች። አንድ የ1970ዎቹ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) እያደስኩ ነው። የፓወር ሰፕላዩን ካፓሲተሮች ቀይሬ ስክሪኑ በርቷል፤ እሱ እንኳ ቀላሉ ነበር። ያቃተኝ የታይም ቤዙ (ሞገዱ በስክሪኑ ላይ የሚሄድበትን ፍጥነት የሚወስነው) ማዞሪያ ነው። ፕላስቲኩ አርጅቶ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ መለዋወጫውም ከጠፋ ቆይቷል።

በ3ዲ ፕሪንተር ልሠራው ሞከርኩ። ቀዳዳውን 6 ሚሊሜትር ባደርገው አልገባ አለኝ። በካሊፐር ስለካው ዘንጉ ለካ 6.35 ነው፤ ሩብ ኢንች! (ቀድሜ መለካት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ።) 6.35 አድርጌውም ጠበበ፤ ፕሪንተሩ ቀዳዳ ያጠብባል። 6.5 ላይ ገባ፤ ግን መቆለፊያዋን ብሎን ጠበቅ ሳደርጋት ጥርሱ ተላጠ። የተጠቀምኩት ፒኤልኤ (የተለመደው የ3ዲ ፕሪንተር ፕላስቲክ) ነው።

አሁን ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንዱ፣ ትንሽ የናስ ቱቦ በቶርኖ አስወጥቶ፣ ብሎኗን እሱ ላይ ማሰር። ሌላው፣ የተሰነጠቀውን አጣብቄ ቅርጹን በሲሊኮን ወስጄ ሬዚን (ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ማፍሰስ። መስመሮቹንና ቁጥሮቹን እንዳሉ ስለሚይዝ ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ግን ሬዚን ብቻውን የብሎን ጥርስ ይችላል? ወይስ ናሱን ቅርጹ ውስጥ አስቀምጬ ላፍስበት? የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። እስከዚያው በፒንሳ እያዞርኩ ነው፤ ዘንጉን እንዳልልጠው እየሰጋሁ።