«ጥለው ለሄዱ ሽልማት»?

የጄኔቫው፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ አንዱ «ፖርቱጋል ሲቸግራት ጥለዋት ለሄዱ ሰዎች ሽልማት ትሰጣለች» ብሎ ለጥፏል። ከ2019 ጀምሮ ስላለው የተመላሾች የግብር ቅናሽ መሆኑ ነው። ውጭ ቆይቶ ወደ ፖርቱጋል ተመልሶ ለሚሠራ ሰው ለ5 ዓመት ግብር የሚታሰበው በገቢው ግማሽ ላይ ነው። በቃ ይኼው ነው። እኔ እዚህ የማውቃቸው ፖርቱጋሎች ግማሾቹ ግንባታ ላይ፣ ግማሾቹ ጽዳት ላይ ናቸው። ማን ምኑን ጣለ?

የሊዝበኑ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አላነሳውም። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ነርሶች አሉ በል። አንዷ በኢኮኖሚ ችግሩ ጊዜ እዚሁ ቀረች። በ2012 የመንግሥት ሠራተኛው የገናና የዕረፍት ክፍያ ሲታጠፍ ቻለችው። ሌላዋ ለንደን ሄዳ ፓውንዷን ሠርታ መጣች። ዛሬ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ሥራ ይሠራሉ። የቀረችው በሙሉ ደሞዟ ትገብራለች፣ የመጣችው በግማሹ። ይኼ ፍትሕ ነው?

የጄኔቫው፦ መጀመሪያ «ጥለዋት» ያልከውን መልስልኝ። በ2011 መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓሶስ ኮኤልዮ ሥራ ላጡ መምህራን ብራዚልንና አንጎላን ሲጠቁሙ የት ነበርክ? ሂድ ተብሎ የሄደ ሰው ጣለ ይባላል?

የሊዝበኑ፦ ጠቆሙ እንጂ ትኬት አልቆረጡላቸውም።

እቴ ሉክስ፦ ወንድሜ፣ ቀስ በል። ጎረቤቴ ፖርቱጋላዊ አዛውንት ናቸው። በአምባገነኑ ሳላዛር ጊዜ በስፔንና በፈረንሳይ መካከል ያለውን የፒሬኔ ተራራ በእግራቸው ነው ያቋረጡት። ፎቷቸውን ለሁለት ቀደው ግማሹን እናታቸው ጋ ተዉ፣ ግማሹን ይዘው ወጡ። ፈረንሳይ ሲደርሱ የያዙትን ላኩ። ሁለቱ ሲገጥም ቤተሰብ ለአሻጋሪው ቀሪውን ብር ከፈለ። ከዚያ ፓሪስ አጠገብ ሻምፒኒ፣ ጭቃ ላይ በቆመ የቆርቆሮ ቤት። ባይወጡ ኖሮ ለቅኝ ግዛት ጦርነት ወደ አፍሪካ ነበር የሚጫኑት። እስቲ ለእሳቸውም «ጥለው ሄዱ» በላቸው።

የሊዝበኑ፦ እቴ፣ ስለ እሳቸው ማን አወራ? ቅናሹ ለሚሠራ ነው፣ ለጡረተኛ አይደለም። ደግሞ እሳቸውም መንደር ላይ ትልቅ ቤት ሠርተው 11 ወር ቆልፈውት ነው የሚኖሩት አይደል?

እቴ ሉክስ፦ ቢቆልፉስ? በላባቸው የሠሩት ነው። እነሱ በኦገስት ባይመጡ የሰሜን ምሥራቁ ገጠር፣ የትራስ ኦስ ሞንቴስ ካፌ ለማን ሊሸጥ ነው? ለድመት?

ባለ ሳጥኑ፦ ስለ ተመላሽ ከተነሳ 1975ን ማን ረሳው? ቅኝ ግዛቶቹ ነፃ ሲወጡ ከአንጎላና ከሞዛምቢክ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ገባ። ሊዝበን፣ ቤሌም ወንዙ ዳር የዕንጨት ሳጥኖቻቸው ተቆልለው ነበር። መንግሥት ሆቴል ሁሉ ተከራይቶ አስቀመጣቸው። ያኔም ነዋሪው «ለኛ ማን አለን» ብሎ አጉረምርሟል።

የጄኔቫው፦ እነዚያማ ቅኝ ገዥዎች ናቸው። አታደባልቅ።

ባለ ሳጥኑ፦ ሉዋንዳ የተወለደ የ6 ዓመት ሕፃንም ቅኝ ገዥ ነው? ሊዝበንን በዓይኑ አይቶ የማያውቀውን ልጅ ነው «ተመላሽ» ያሉት።

የጄኔቫው፦ ሕፃኑ አይደለም። አባቱ ግን የማንን መሬት ነበር የሚያርሰው?

ባለ ሳጥኑ፦ አባቱ ሹፌር ቢሆንስ? ሁሉም እርሻ ነበረው ያለህ ማነው?

ጋሽ ታዛቢ፦ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የኛ የትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ላይ ሳይደርስ ዝጉት።

የሊዝበኑ፦ አልዘጋውም። በ2025 ምርጫ ውጭ የሚኖሩት ፖርቱጋሎች ከተመደቡላቸው 4 የፓርላማ መቀመጫዎች 2ቱን ለማን ሰጡ? ለሼጋ! በዚያ ድምፅ ነው ሶሻሊስቶቹን አልፎ በ60 መቀመጫ ሁለተኛ የወጣው። ራሳቸው የሰው አገር እየኖሩ መጤ በዛ ለሚል ፓርቲ። እኔን መጤውን ነው እንግዲህ የሚሉት።

የጄኔቫው፦ ኧረ? በ2022 ከአውሮፓ የላኩት ከ150 ሺህ በላይ ድምፅ የመታወቂያ ኮፒ ባልተያያዘ ወረቀት ሰበብ ውድቅ ሲደረግስ? ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ «ድገሙ» እስኪል ማን ጮኸላቸው? እንዲህ የተናቀ ሰው ተናዶ ቢመርጥ ምን ይገርማል?

የሊዝበኑ፦ ተናዶ? የተናደደማ የቀረው ነው። በ2025 ዝቅተኛው ደሞዝ 870 ዩሮ ነበር። በዚያ ብር ሊዝበን ውስጥ አንዲት ስቱዲዮ ተከራይና አሳየኝ። ቁጠባውን ይዞ የመጣው ደግሞ ከላይ ቅናሽ ይጨመርለታል።

እቴ ሉክስ፦ ኪራዩን ያስወደደው ቱሪስትና የውጭ ገንዘብ ነው፣ ከሉክሰምበርግ የተመለሰ ግንበኛ አይደለም። ለቀረችው ነርስ ደሞዝ ይጨመር በል፣ አብሬህ እጮሃለሁ። የሌላዋን ቀምታችሁ ስጧት ስትል ግን የለሁበትም።

የሊዝበኑ፦ ቀሙ አላልኩም! እኩል ይክፈሉ ነው ያልኩት።

ሮቢ፦ ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ድሮ ሊዝበን ሠርቼ ግብር ከፍዬ ነበር፣ አሁን በርን ነኝ። ፖርቱጋላዊ አይደለሁም። ቅናሹ ለኔ ይሠራል?

የጄኔቫው፦ ዜግነት አይጠይቅም። ቀድሞ እዚያ ግብር ከፋይ መሆንህንና በቂ ዓመት ውጭ መቆየትህን ነው የሚያዩት። የሒሳብ ባለሙያ ጠይቅ።

ሮቢ፦ ተባረክ! የሊዝበኑ፣ ሰፈራችሁ ቤት ይገኛል?

የሊዝበኑ፦ አይገኝም።