የአምፕሊፋየር የውጤት ትራንዚስተሮችን ስለመቀየር

ጥያቄ (ጎንደር፣ ማራኪ)
በቤቴ የሠራሁት አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ስፒከሩን በሚነዱት በ2ኤን3055 እና በኤምጄ2955 ትራንዚስተሮች ጥንድ፣ በ±25 ቮልት ይሠራል። ፒያሳ ካለ የጥገና ቤት 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 ስላገኘሁ፣ ብቀይራቸው ለጥምቀት ድምፁ ይጨምርልኝ ይሆን?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ኃይሉን የሚወስነው በዋናነት ቮልቴጁ ነው፤ 25 ቮልት በ8 ኦም ስፒከር ላይ፣ ብክነቱ ሳይቀነስ እንኳ፣ ከ39 ዋት የማይዘል ስለሆነ ጭማሪ አይጠብቁ። በአንጻሩ አዲሶቹ እስከ 30 ሜጋኸርዝ ገደማ የሚደርሱ ፈጣን በመሆናቸው፣ ለዝግተኞቹ በተነደፈ ሰርኪዩት ውስጥ ጆሮ የማይሰማው ንዝረት ተፈጥሮ ሊያቃጥላቸው ይችላል። ይህን ንዝረት ለመከላከል፣ ወደ ስፒከሩ በሚወጣው መስመርና በግራውንዱ (የዜሮ ቮልት መስመር) መካከል የ10 ኦም ሬዚስተርና የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ መኖራቸውን ያረጋግጡ።

መልስ 2
በዚህ ላይ የ2ኤስሲ5200 አስመሳይ በገበያ ብዙ ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ ተታልያለሁ። የትራንዚስተሩ የጀርባ ብረት ከኮሌክተሩ (ከሦስቱ እግሮቹ አንዱ) ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ንጣፍ) በመካከል ሳያስገቡ ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር አይግጠሙት። መጀመሪያ ሲያበሩም ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር የ60 ዋት አምፖል በተከታታይ ያገናኙ፤ አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ከመጠን በላይ ኃይል እየተሳበ ነውና ወዲያውኑ ያጥፉ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ስመለከተው ካፓሲተሩም ሬዚስተሩም የሉም፤ ስለዚህ አስቀድሜ እነሱን እጨምራለሁ፣ ትራንዚስተሮቹን ግን ለጊዜው አልነካቸውም።