ለጎጃም ክረምት ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ? የእኛ ጥቆማ

አንዲት ጓደኛችን በሐምሌ ሥራ ተቀይራ ከአዳማ ወደ ደብረ ማርቆስ ልትመጣ ነው። ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ ደወለች። «ምን ይዤ ልምጣ?» አለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥነው። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመረ። አንዱ የባሕር ዳር ልጅ ነው፣ አንዷ የእንጅባራ፣ አንዱ የሞጣ፣ እኔ የዚሁ የማርቆስ። ያን ቀን የተባባልነው ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

ክርክሩ በጃንጥላ ተጀመረ። የባሕር ዳሩ «አንድ ጥሩ ጃንጥላ ግዥ፣ አለቀ» አላት። ለባሕር ዳር እውነቱን ነው። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዝናቡ ይወርዳል፣ ያባራል፣ ወዲያው ይሞቃል። ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ነፋስ ሲነሣ ዝናቡ በጎን ነው የሚመጣው። ጃንጥላው ይገለበጣል፣ ከወገብ በታች ያለው ሁሉ ይበሰብሳል።

«እኛ ዘንድ እኮ ጃንጥላ የበጋ ዕቃ ነው» አለች የእንጅባራዋ። ልክ ናት። በጥር ፀሐይ ገበያ የሚወጣውን ሰው እዩት፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ነው የሚሄደው። ሐምሌ ላይ ያው ሰው ጃንጥላውን ቤት ትቶ ልብሱን በራሱ ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። እንግዳ ሰው ይገርመዋል። እኔ ግን አይገርመኝም፤ ስሙ ራሱ ጥላ ነው።

ካላችሁም ሲሰበር አትጣሉት። ክረምት ሲገባ መንገድ ዳር የሚቀመጡ ጠጋኞች አሉ። አምና የኔን ሲሠራ ቆሜ አየሁት። ከሌላ ካለቀለት ጃንጥላ አንድ ሽቦ ነቀለ። በፒንሳ አቃንቶ በተሰበረው ቦታ አስገባው። የጨርቁን ጫፍ ሦስት ቦታ ሰፋና የክሩን ጫፍ በክብሪት አቅልጦ አተመው። እስከ መስከረም አገልግሎኛል። አዲስ ርካሽ ጃንጥላ ከመግዛት ያንን እመርጣለሁ።

የሞጣው ልጅ ልጅነቱን ከብት ሲጠብቅ ነው ያሳለፈው። ለእሱ ከገሳ የሚበልጥ ነገር የለም። ገሳ ከሳር የሚሠራ የዝናብ ልብስ ነው፤ ከራስ እስከ ወገብ ይሸፍናል። ውኃው ሳሩን ተከትሎ ይወርዳል፣ ውስጡ አይታፈንም፣ ሁለት እጅም ነጻ ነው። ላስቲክ ይረክሳል፤ ከስሩ ግን ሰው በላብ ይርሳል። በገጠር ለሚውል ሰው እኔም ገሳን እመክራለሁ። ለከተማ ግን አይሆንም። ሰፊ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ አይገባም። ለእሷ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ቆብ ያለው የዝናብ ካፖርት ይሻላል።

ጋቢ ይኑራት፣ ግን ለቤት። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው። አንዴ ውኃ ከጠጣ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈጃል። ማታ እግር አጣጥፎ ቡና ሲጠጣ ግን የሚተካው የለም። ከሸማኔ ስትገዙ የእጅ ፈትል ይሁን፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ይለሰልሳል፣ ይሞቃልም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ጫማ። ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውጡ። ዝናቡ አንድ ሰዓት ዘንቦ ያባራል፣ ጭቃው ግን ሦስት ወር ይቆያል። ቦት ለከተማው ኮረኮንች ጥሩ ነው። መረሬ አፈር ላይ ግን ጭቃው ቦቱን ይዞ ያስቀረውና እግር ብቻውን ይወጣል። ኮንጎ ጫማ ቀላል ነው፣ ውኃ አይጎዳውም፣ ደጃፍ ላይ አንድ ጣሳ ውኃ ቢያፈሱበት ይጠራል። ድክመቱ ብርድ አለመከልከሉ ነው፤ በወፍራም ካልሲ ይለበስ። የቆዳ ጫማ በሐምሌ አታውጡ። የገበሬው አረንጓዴ ቁምጣም ለዚህ ጭቃ የተፈጠረ ይመስለኛል። የሚጠቀለል ሱሪ የለ፣ እግርን ታጥቦ መግባት ነው።

ጫማ ስል የምቾት ነገር ብቻ አይደለም። በምሥራቅም በምዕራብም ጎጃም ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት አለ። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። ተላላፊ አይደለም። ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ስለዚህ የቤት ሠራተኛችሁ ወይም ዘመድ ቤት ያለ ልጅ ባዶ እግሩን ከሆነ፣ ከራሳችሁ በፊት ለእሱ ግዙለት። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

«ታዲያ መቼ ነው የሚያባራው?» አለች። የባሕር ዳሩ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ብሎ አፅናናት። የእንጅባራዋ ሳቀች። «አንች፣ እሱን አትስሚው። በቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ጳጉሜ 3 ለሩፋኤል ልጆች ዝናብ ላይ ሲታጠቡ እንኳ ገና ነው።» እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ቡሄ ሲያልፍ ቦቱን አትስቀሉ።

ለመንገዱ ደግሞ ተደራራቢ ልብስ። ጎሐ ጽዮን ላይ ጃኬት፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደሽ አባይ በረሃ ስትገቢ ቲሸርት፣ ደጀን ስትወጭ እንደገና ጃኬት። ሹራቡን ሻንጣ ውስጥ ካደረግሽውና ሻንጣው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከተጫነ ከደጀን እስከ ማርቆስ ትንቀጠቀጫለሽ።

ይህን ስንል ፀሐይ እንደወጣች ዝናብ ጀመረ። «ጅብ ወለደች!» አለ የሞጣው። «እኛም እንዲያ ነው የምንለው!» አለች ከአዳማ። ወዲያው ወደ በረዶ ተለወጠና ቆርቆሮው ጮኸ። እሷ ታወራለች፣ እኛ አንሰማም። ስልኩን ዘጋነው። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ መልእክቷ ገባ። «ኮንጎውን እናንተው ግዙልኝ። ቁጥሬ 38 ነው።»