ስለ ከተማችን ስለ ድሬዳዋ ወባ የሚነገረን በቂ ነውን?

ጥያቄ፣ ከከዚራ ሰፈር፦ በሬዲዮ ስለ ወባ ሲነገር ዛሬም ረግረግ አፋስሱ፣ ኩሬ ድፈኑ ይባላል፤ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ግን አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ታዲያ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያስጨነቀው ወባ ከየት መጣ?

መልስ፣ ከሳቢያን፦ ከየግቢያችን ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው፣ በአገራችን መጀመሪያ ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው ትንኝ፣ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በምናጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ትናንት ማታ በርሜሌን በባትሪ ባየው እጮቹ ከውኃው ገጽ ጋር ልክ እንደ ስንጥር ተጋድመዋል።

መልስ፣ ከመጋላ፦ ጋዜጠኞቹን ሁሉ ባልወቅስም፣ «አጎበር ዘርጉ» ብሎ ማቆም ጉዳዩን ያጠበዋል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የተነሣውን ቺኩንጉንያ የተባለ የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ሌላዋ ትንኝ በቀን ትናከሳለች፤ የምትፈለፈለውም በዚያው በርሜል ነው። «በርሜል ክደኑ» ቢባል ሁለቱንም በሽታዎች ለመከላከል ይበጃል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፤ የእኔ በርሜል ክዳን የለውም።