ፊደል ቆጥሯል፣ ማንበብ ግን አቃተው፤ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት)
ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርደዋል። መጽሐፍ ሲከፈትለት ግን አንዷን ቃል ለማውጣት ያልበዋል። ሦስተኛው ቃል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጠፍቶበታል። ማታ ማታ አንድ ሰዓት አስቀምጬ አስነብበዋለሁ፤ መጨረሻው ለቅሶ ነው፣ አንዳንዴ የእኔም ጭምር። ታናሽ እህቱ ልትቀድመው ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ (የታችኛው ክፍል መምህርት)
እህቴ፣ መጀመሪያ ያን አንድ ሰዓት ተዪው። 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ።

ከዚያ ገበታውን ደብቂና ፊደሎቹን በትንንሽ ወረቀት ጽፈሽ ደባልቂያቸው። «ጉ»ን ብቻዋን አሳዪው። «ገ፣ ጉ» ብሎ ቆጥሮ ከደረሰባት የሚያውቀው ዜማውን ነው፣ ፊደሏን አይደለም። የድሮ መምህራን ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ያስቆጥሩ የለ? አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ስለሚዘል ሽምደዳውን ይሰብረዋል።

የሳታቸውን ለይተሽ በቀን ሦስት አራቱን ብቻ ያዙ። ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ ብዙ ልጅ ያምታታሉ። ፊደሎቹን አውቆ «ሰ፣ ላ፣ ም» ካለ በኋላ «ሰላም» ማለት ካቃተው ደግሞ ችግሩ ማያያዙ ላይ ነው። እሱን ያለ ወረቀትም ትለማመዳላችሁ። «ቤ... ት፤ ምን አልኩ?» እያልሽ እንደ ጨዋታ።

መልስ (አንድ አባት)
ስልኩን ቀሙት፣ ያነባል።

መልስ (የሦስት ልጆች አባት)
እኛም ቀምተን ነበር። ያለ ስልክ አለማንበብ ጀመረ እንጂ ምንም አልመጣ።

የእኛን ልጅ የጠቀመው መጽሐፉን ማቅለል ነው። ከ10 ቃል ከአንድ በላይ ከሳተ ለጊዜው ከብዶታል ማለት ነው። አንዷን አጭር ገጽ ሦስት አራት ቀን ደጋገምናት። መጀመሪያ አብሬው አነባለሁ፣ ሲለምድ ድምፄን አጠፋለሁ። ሲደናቀፍ ቶሎ አትንገሪው፤ በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። ይህቺ አምስት በጣም ረጅም ናት፣ ታያታለሽ።

ጠያቂዋ
ከደጋገመው በቃሉ ይዞት አነበብኩ ቢለኝስ?

መምህርቷ
ከመሃል አንድ ቃል ጠቁመሽ ጠይቂው። ወይም እነዚያኑ ቃላት በሌላ ዓረፍተ ነገር ጻፊለት።

አንቺም አንብቢለት፣ ትልቅ ሆኗል ብለሽ አትተዪ። አማርኛ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «አለ» ተብሎ ሲጻፍ «ተናገረ» ነው ወይስ «ይገኛል»? የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ቋንቋውን በጆሮው ያልጠገበ ልጅ እዚህ ላይ ይቸገራል።

መልስ (አንዲት እናት)
ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪው። የእኔ ልጅ ሰሌዳው አይታያትም ነበር፤ ስንት ወር ሰነፍ ስንላት ከረምን።

መምህርቷ
ልክ ነሽ። በየቀኑ ተሠርቶ ለወራት ፈቀቅ ካላለ ደግሞ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው። ከጉብዝና ጋር አይገናኝም፤ በዘር ይሄዳልና ከቤተሰቡ የተቸገረ ካለ ለባለሙያው ንገሪ።

ጠያቂዋ
ትናንት ወረቀቶቹን ሞከርን። ከ35ቱ 12ቱን ሳተ። አብዛኞቹ ሳልስና ኃምስ ናቸው፤ ሊን ሌ፣ ቢን ቤ ይላል። ዛሬ በእነሱ እንጀምራለን። ሰዓቱንም ከማታ ወደ ከሰዓት በኋላ አዙሬዋለሁ። ለካ ማታ የምጮህበት እኔው ደክሞኝ ነው።